የማይታጠፈው ዲኤክስና የኋላ ወንበር ክብር

በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ስሙን ብንጠራው ሌሎቹ ይቀናሉ ብለን የምንተወው አንድ ጽሕፈት ቤት አለ። ይህ ጽሕፈት ቤት የታወቀው በሠራው ሳይሆን ባስመረቀው ነው። ሌላው ሠርቶ ማስመረቅ ሲያቅተው፣ ይህኛው ሳይሠራም አስመርቆ ያውቃል። ባለፈው ዓመት አንድ የቧንቧ መስመር ውኃው ሳይደርስ ተመርቆ፣ ሕዝቡ በደስታ አጨብጭቦ፣ ባዶ ጀሪካኑን ይዞ በሰላም ወደ ቤቱ ተመልሷል። እንዲህ ያለ ሰላማዊ ምረቃ በየትም አገር አይገኝም።

ዘንድሮ ደግሞ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚያወጣው መንገድ አጠገብ አዲስ አደባባይ ተሠራ። አደባባዩ ክብ ነው። ክብ ሆኖ ማለቁ በራሱ የሚደነቅ ቢሆንም፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ፋኑኤል ግን፣ ክብ ነገር በመቀስና በሪባን ብቻ ከተመረቀ ክብነቱ ለሕዝቡ በሚገባ አይሰርጽም ብለው ሰጉ። ስለዚህ «ወጣቱን ያሳተፈና ዘመኑን የዋጀ» ምረቃ ይሆን ዘንድ፣ አደባባዩ በመኪና ድሪፍት እንዲመረቅ ወሰኑ።

ድሪፍት ማለት ለማያውቀው፣ መኪና እንደ ወጉ ወደ ፊት መሄዱን ትቶ፣ ጎማው እየጨሰ በጎኑ እየተንሸራተተ የሚዞርበት ጥበብ ነው። ድሮ ይህን ያደረገ ልጅ በትራፊክ ፖሊስ ይያዝ ነበር። ዘንድሮ በክብር ተጋበዘ። የተጋበዘው ዳግም ነው፤ የእማማ ሻሺቱ የልጅ ልጅ።

እማማ ሻሺቱ ትውልዳቸው ኦቾሎ ነው። ሰባተኛ ክፍል ደርሰዋል፤ ከጨርቃ ጨርቅ ሥራ በጡረታ ወጥተዋል፤ የቀረውን ዕድሜያቸውን ለስጋት ሰጥተዋል። የጫሞን አዞ ይፈራሉ። ባጃጅ ይፈራሉ። ፀጉሩን ታጥቦ ነፋስ ላይ የሚቆም ሰው ያስፈራቸዋል። ዓሣ እየበላ የሚያወራ ሰው ካዩ ሳህኑን ከፊቱ ያነሳሉ። ከሁሉም በላይ ግን የሚፈሩት ግቢያቸው ውስጥ፣ ማንጎው ሥር የቆመውን የዳግምን መኪና ነው። አሮጌ ኮሮላ ነው፤ አገሩ ሁሉ «ዲኤክስ» የሚለው ዓይነት፣ ዕድሜው ከባለቤቱ የሚበልጥ። ዳግምን እናቱ ኖላዊት ለማስተማር ሥራ ጂንካ ስትሄድ «አደራሽን» ብላ የተወችው ገና ጥርሱ ሲነቀል ነበር። አሁን ጢም አብቅሏል። አደራው ግን ጢም አያውቅም።

ስጋት ጠያቂ ያደርጋል። ልጁ ከመኪናው ሥር በተኛ ቁጥር እማማ ሻሺቱ በርጩማቸውን አስጠግተው ይቀመጣሉ።

«ይኼ ጥምዝምዙ ምንድን ነው?»

«ሞላ ነው፣ እማማ። መኪናውን የሚሸከመው።»

«ቢላቀቅስ?»

«አይላቀቅም።»

«ከጎኑ ያለው ቱቦስ?»

«አሞርዛተር። ሞላው እንዳይዘል የሚይዘው።»

«እሱስ ቢደክመው?»

«እማማ፣ ሰውም እኮ ይደክመዋል። አንቺ ጠይቀሽ አይደክምሽም?»

አይደክማቸውም። በዚህ ሁኔታ፣ ሌላው በትምህርት ቤት የሚያገኘውን ዕውቀት እሳቸው በፍርሃት ብቻ አገኙት።

የመጀመሪያው ልምምድ ቀን አቶ ፋኑኤል «አመራሩ ያልተሳፈረበት መሽከርከር፣ መሽከርከር አይባልም» ብለው ራሳቸው መኪናው ውስጥ ሊቀመጡ መጡ። እንደ ማንኛውም ኃላፊ ከኋላ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። አቶ ፋኑኤል ሰፊ ሰው ናቸው፤ መኪናው ይህንን ወዲያው ተገነዘበ። በግራ በኩል ምክትላቸው አቶ ተክለወልድ ገቡ፤ እሳቸውም ወደ ኃላፊነት ለማደግ የሚያስፈልገውን ቁመና ከሞላ ጎደል አሟልተዋል። በመካከላቸው የሕዝብ ግንኙነቷ ማዕዶት፣ የመታሰቢያውን የእብነ በረድ ሰሌዳ ታቅፋ ተጣበቀች። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የድምፅ ማጉያው ጄኔሬተርና ለእንግዶች የሚሰጥ የሙዝ ዘለላ ገባ።

የፊተኛው ወንበር ባዶ ቀረ። በጽሕፈት ቤቱ ወግ ከሹፌር ጎን የሚቀመጠው ለኃላፊው በር የሚከፍተው ሰው ነው። በር ከፋቹ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበር። ስለዚህ ወንበሩም ፈቃድ ወጣ።

እማማ ሻሺቱ ከመንገዱ ዳር፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ዲኤክሱ እያጓራ መጣ። ዳግም መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። የፊት ጎማዎቹ ወደ ግራ ዞሩ። መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ሄደ። ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ በማለዳ የተተከሉትን አበቦች በሙሉ አልፎ፣ ሙዝ የምትሸጥ ሴትዮ ጥላ ሥር ቆመ።

በሮቹ ተከፈቱ። አቶ ፋኑኤል አበባ ከጫማቸው ላይ እያራገፉ ወረዱ።

«ምንድን ነው የሆነው?»

«አንደርስቲር ነው ጋሼ» አለ ዳግም።

«በሥራ ቋንቋችን ንገረን እስቲ።»

«ጎማው ይታጠፋል፣ መኪናው አይታጠፍም።»

አቶ ተክለወልድ ጉዳዩ በዚህ ተራ ስም መጠራቱ ስላላማራቸው ጥቂት አሰቡና፣ «የመታጠፍ ተነሳሽነት ጉድለት» አሉት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ችግሩ ስም ስላገኘ ሁሉም እፎይ አለ።

ከሁሉም በላይ እፎይ ያሉት እማማ ሻሺቱ ናቸው። «ተመስገን» አሉ በልባቸው። «የማይታጠፍ መኪና ምን ያደርግላቸዋል? ይተዉታል።» እዚህ ላይ ተሳሳቱ። ሞላ አውቀዋል፣ አሞርዛተር አውቀዋል። ጽሕፈት ቤት ግን ገና አላወቁም።

ጽሕፈት ቤቱ አልተወም። «የመታጠፍ ተነሳሽነት ማሻሻያ ግብረ ኃይል» አቋቋመ። የግብረ ኃይሉ አባላት ከየዘርፉ በጥንቃቄ ሲመረጡ፣ ከአድልዎ የጸዱ እንዲሆኑ መንዳት የሚችል አልተካተተም። ግብረ ኃይሉ ውሎ አድሮ፣ ችግሩ በዋናነት የግንዛቤ መሆኑን ደረሰበት። አደባባዩን በየቀኑ ያለችግር የሚዞሩ ባጃጆችን ለመመልከትም በጥላ ሥር የልምድ ልውውጥ ተደረገ። በመጨረሻ፣ ለቴክኒኩ ጉዳይ መካኒክ ዘመድኩን ተጠራ።

ዘመድኩን መኪናውን ባዶውን ነዳው። ጥሩ ታጠፈ። «ምንም የለውም» ሊል ነበር፤ የግብረ ኃይሉን ፊት ሲያይ ግን ብዙ ነገር አገኘበት።

«ክቡር ኃላፊ፣ ሲቀመጡበት ምን ተሰማዎት?»

«ኋላው ይቆረቁራል።»

«ያው እሱ ነው።»

ዘመድኩን የኋላውን ሞላ አለሰለሰ። የፊቱን «ጠንካራ አቋም ይኑረው» ስለተባለ አጠነከረ። የፊት ጎማዎቹንም እንደ ከበሮ እስኪወጠሩ ነፋ። ዳግም ጠጋ ብሎ፣

«ጋሽ ዘመዴ፣ ይኼ እኮ ተገላቢጦሽ ነው» አለው። «ፊቱ ሲደርቅ መሬት መያዝ ያቅተዋል። እንዲታጠፍ ፊቱ መለስለስ፣ ኋላው መጠንከር ነበረበት።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ።»

«ታዲያ?»

«ለመኪናው ብሠራ ኖሮ እንደሱ አደርግ ነበር። አሁን የምሠራው ለኃላፊው ነው።»

ሁለተኛው ልምምድ በዚህ ዝግጅት ተካሄደ። አቶ ፋኑኤል ምንም እንዳልቆረቆራቸው በደስታ አረጋግጠዋል። መኪናው ግን ከአደባባዩ ማዶ፣ ክዳኑ «በሁለተኛው ምዕራፍ» ይገጠማል ወደተባለው ጥልቅ የጎርፍ ቦይ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ አንድ የፊት ጎማው አየር ላይ ሲሽከረከር ቆመ። ያ ጎማ በዕለቱ ከታዩት ነገሮች ሁሉ በደንብ የዞረው ነው።

እማማ ሻሺቱ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሆነው አንድ ነገር አዩ። ሰዎቹ መኪናው ተጎትቶ ሲወጣ እንደገና ከኋላ ገቡበት፤ ወደ ጽሕፈት ቤት የሚሄዱበት ሌላ መኪና አልነበረም። ሦስቱም ሲቀመጡ የዲኤክሱ ቂጥ መሬት ሊስም ወረደ፤ አፍንጫው ቀና አለ፤ በቀትር ሳይጠፋ የቀረው የፊት መብራቱ ወደ ሰማይ ማየት ጀመረ።

ይህንን መብራት ያውቁታል። ከጫሞ ዓሣ ጭኖ የሚመጣው ፒክአፕ፣ ኋላው ሲበዛበት መብራቱ እንዲሁ ዛፍ ላይ ያሉ ወፎችን ይቀሰቅሳል። ሹፌሩም መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ያማትባል።

አመሻሹ ላይ ዳግምን ያዙት።

«ዳጊ፣ ችግሩ መኪናው ነው ወይስ የተሳፈረው?»

ልጁ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወ። «የተሳፈረው ነው። ክብደቱ ሁሉ ኋላ ነው እማማ። ፊቱ ሲቀለው ጎማው መሬቱን አይነክስም። ኋላው ደግሞ ከመክበዱ የተነሳ ተጣብቆ አይንሸራተትም። ሞላዎቹን ነገ እመልሳቸዋለሁ። የፊት ጎማዎቹንም ንፋስ እቀንስላቸዋለሁ። ግን ሦስቱ እዛ እስከተቀመጡ ድረስ እኔ መሪ አይደለም የያዝኩት፣ ሰሃን ነው።»

«ንገራቸዋ።»

«ነገርኳቸው እኮ። ጋሼ፣ ከኋላ ሰው ባይኖር ጥሩ ነበር አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«‹ዛሬ ከኋላ አመራር አያስፈልግም ያለ ወጣት ነገ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም› አሉ። አቶ ተክለወልድ ቃለ ጉባኤ ላይ አስያዙት።»

«እንግዲያው አልነዳም በል።»

«እኔ ካልነዳሁ የአቶ ተክለወልድ የወንድም ልጅ ነው የሚነዳው። መንጃ ፈቃድ ያወጣው በቀደም ነው።» ዳግም እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እኔ ቢያንስ ለምን እንደማይታጠፍ አውቄ ነው ቦይ የምገባው።»

እማማ ሻሺቱ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፉ አንናገርም። ጠዋት ተነስተው፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው፣ ከግቢያቸው ጥግ እርጥብ ሣር ነቅለው በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። በጋሞ ምድር እርጥብ ሣር ይዞ የመጣ ሽማግሌ ደም እንኳን ያቆማል። ሣሩን ረግጦ የሚያልፍ የለም። እሳቸው ሽማግሌ ሳይሆኑ አሮጊት ናቸው፤ ቢሆንም ሣሩ ሣር ነው ብለው ተማመኑ።

ከአቶ ፋኑኤል ጠረጴዛ ፊት ተንበረከኩ። ሣሩን ዘረጉ።

«ልጄ፣ ስለ ፈጠራችሁ አምላክ ይኼ ነገር ይቅር። ልጁ ያልቅብኛል።»

አቶ ፋኑኤል በጣም ተነኩ። ከወንበራቸው ብድግ ብለው ሣሩን በክብር ተቀበሉና ለማዕዶት አሳለፉላት። ማዕዶት ፎቶ አነሳች። ሣሩ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ተደርጎ መስኮቱ ላይ ተቀመጠ፤ ዕለቱኑ በጽሕፈት ቤቱ ገጽ ላይ፣ «አንዲት እናት የከተማዋን የአረንጓዴ ልማት ለመደገፍ ያደረጉት ልብ የሚነካ አስተዋጽኦ» ተብሎ ወጣ። ብዙ ሰው ወደደው።

«ስለ ቦዩ ደግሞ አያስቡ እናቴ» አሏቸው አቶ ፋኑኤል፣ እጃቸውን ይዘው ሲያስነሷቸው። «አይተነዋል። ለካሜራ አያምርም። ስለዚህ በምረቃው ዕለት የሚዘምሩት ሕፃናት ከፊቱ ተሰልፈው ይሸፍኑታል።»

እማማ ሻሺቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። አቶ ፋኑኤልም ይህንን እንደ ምስጋና ተቀበሉት።

ከዚህ በኋላ እማማ ሻሺቱ አቋማቸውን ቀየሩ። መኪናው እንዳይታጠፍ ሲጸልዩ የከረሙት ሴትዮ፣ እንዲታጠፍ መጸለይ ያዙ። ጸሎቱ ላይም ስለማይተኙ ማሰብ ጨመሩበት። ሰዎቹን ከኋላ ወንበር እንዴት ማንሳት ይቻላል? በምክር አይነሱም። በሣር አይነሱም። ኃላፊን ከመቀመጫው የሚያነሳው ምንድን ነው?

የምረቃው ቀን ደረሰ። ከአዲስ አበባ የቴሌቪዥን ካሜራ መጣ። ሰዉ ከሲቀላም ከሴቻም ጎርፎ አደባባዩን ከበበ። ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነጭ ለብሰው፣ ወረቀት አበባ ይዘው፣ ጀርባቸውን ለቦዩ ሰጥተው ተሰለፉ። አቶ ፋኑኤል ሰማያዊ ሱፍ ለብሰው የዲኤክሱን የኋላ በር ለመክፈት ሲጎነበሱ፣ እማማ ሻሺቱ አጠገባቸው ነበሩ።

«አቤት ማማርዎ» አሉ እማማ።

«አመሰግናለሁ እናቴ።»

«የሚያሳዝነው ማንም አያይዎትም እንጂ።»

አቶ ፋኑኤል ቀና አሉ። «እንዴት?»

«ይኼ የኔ ልጅ የኋላውን መስታወት ጥቁር ላስቲክ ለጥፎበታል አይደል። ለፀሐይ ብሎ። ከውጭ ሲያዩት ጨለማ ነው። ካሜራው የሚያየው በፊተኛው መስታወት ነው፤ እዛ ደግሞ ያለው ዳግም ነው። ልጁ ብቻውን በቴሌቪዥን ሊወጣ ነው።»

አቶ ፋኑኤል ጎንበስ ብለው በኋላው መስታወት ተመለከቱ። ያዩት የራሳቸውን ፊት ብቻ ነው። ትልቅ ሰው ትልቅ ውሳኔ የሚወስነው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

«አቶ ተክለወልድ፣ ጊዜያዊ የአቀማመጥ ማሻሻያ ተደርጓል። እኔ ከፊት ሆኜ ሕዝቡን ፊት ለፊት እመለከታለሁ። እርስዎ ኋላውን ይምሩ።»

አቶ ተክለወልድ ወደ ኋላው ወንበር ተመለከቱ። ኃላፊው ያለበት የኋላ ወንበር ክብር ነው። ኃላፊው የሌለበት የኋላ ወንበር ግን፣ ያው ጨለማ ውስጥ ያለ ወንበር ነው።

«እኔ መድረኩ ላይ ሆኜ ብጠብቅዎት ይሻላል» አሉ። «ለንግግሩ ዝግጅት።»

«የእብነ በረዱ ሰሌዳስ?»

«እኔ ይዤው እቆማለሁ። ይታያል።»

ማዕዶትም ከውጭ ሆና ፎቶ ማንሳት እንዳለባት አስታወሰች። ድምፅ ማጉያው መድረኩ ጋ ስላስፈለገ ጄኔሬተሩ ወረደ። ሙዙ ደግሞ፣ ጄኔሬተሩ ሲወርድ ሰው እጅ ገብቶ አለቀ። በዚህ ሁኔታ፣ ግብረ ኃይል ያልቻለው የክብደት ማስተካከያ፣ ማንም ሳይታዘዝ በደቂቃዎች ተጠናቀቀ።

ዳግም መሪውን እንደያዘ አያቱን በመስኮቱ አያቸው። እማማ ሻሺቱም ሄደው ከሕፃናቱ ፊት ቆሙ፤ እፍኝ የምታህል ሴትዮ፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ ከእርሻ ላይ ወፍ እንደምታባርር።

ዲኤክሱ መጣ። መታጠፊያው ጋ ሊደርስ ሲል ዳግም ነዳጁን ለቀቀ፤ ፍሬኑን ነካ አደረገ። የመኪናው አፍንጫ፣ በአቶ ፋኑኤል ከፍተኛ አስተዋጽኦ፣ ወደ መሬት ደፋ አለ። የፊት ጎማዎቹ አስፋልቱን ነከሱ። ልጁ መሪውን አዞረ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብ አድርጎ መለሰ፣ ነዳጁን ሰጠ። የመኪናው ኋላ ተነቅሎ ወጣ፤ ጎማው ጮኸ፤ ጭሱ ተነሳ። ዲኤክሱ ቦዩንም ሕፃናቱንም በጎኑ እያየ፣ አደባባዩን ታቅፎ ዞረ።

እማማ ሻሺቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር የመጀመሪያውን ዙር አላዩትም። ሲገልጡ ያዩት አቶ ፋኑኤልን ነው። በፊተኛው መስታወት በግልጽ ይታያሉ። በቀደመው ዙር ለሕዝቡ ያወዛወዙት እጃቸው አሁን ጣሪያውን ይዟል። በቀጣዩ ዙር ሁለቱም እጆቻቸው ዳሽቦርዱ ላይ ነበሩ፤ አፋቸው ተከፍቷል። ከዚያ በኋለኛው ዙር ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። በማግሥቱ የወጣው ዜና «ኃላፊው ለከተማዋ ሲጸልዩ» ብሎታል። ስለ ከተማዋ መሆኑን አናረጋግጥም፤ መጸለያቸው ግን እውነት ነው።

ከኋላ ተቀምጦ የሚሄድ ሰው መንገዱን የሚያየው በሹፌሩ ጀርባ በኩል ነው። ከፊት የተቀመጠ ግን፣ አገር ምድሩ ወደሱ ሲመጣ ያያል። በሥልጣን ዘመናቸው ሁሉ ከኋላ ለተቀመጡት ለአቶ ፋኑኤል ይህ አዲስ ነገር ነበር።

መኪናው ቆመ። ጭብጨባው አደባባዩን ሞላው። ማዕዶት በሩን ከፈተችላቸው። አቶ ፋኑኤል ወረዱ፤ መድረኩ ከፊታቸው እያለ እሳቸው በጎን በጎን ሄደው የድምፅ ማጉያው ቋሚ ላይ ተደገፉ። ንግግር ማድረግ ነበረባቸው፤ ነገር ግን አፋቸውን ለሌላ ጉዳይ መዝጋት ስላስፈለጋቸው ወረቀቱን ለምክትላቸው ሰጡ።

አቶ ተክለወልድ አነበቡ፤ መኪናው ውስጥ ስላልነበሩ ድምፃቸው ያምር ነበር።

«የመታጠፍ ተነሳሽነት ጉድለት በአመራሩ ቁርጠኛ ጥረት ከሥሩ ተነቅሏል። አመራሩ ወደ ፊት በመምጣቱ መኪናው ሊታጠፍ ችሏል።»

በጽሕፈት ቤቱ ታሪክ ቃል በቃል እውነት የሆነ የመጀመሪያው ሪፖርት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

«ስለዚህም» ቀጠሉ አቶ ተክለወልድ፣ «ይህንን ድል ለማስፋፋት፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ድሪፍት በመጪው ወር ከጨንቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይካሄዳል።»

ሰዉ አጨበጨበ። ዳግም ጓደኞቹ ትከሻ ላይ ሆኖ ፊቱ በራ። እማማ ሻሺቱ ግን የዘረጉት ነጠላ ከእጃቸው ወረደ። የጨንቻን መንገድ ያውቁታል። ከአንዱ ኩርባ ሌላ ኩርባ ይወለዳል፤ በአንዱ ወገን ተራራ ነው፣ በሌላው ወገን ምንም የለም፤ ከምንም በታች ዓባያ ሐይቅ ያብለጨልጫል። ልጁ እንዳይሞት መኪናው እንዲታጠፍ አደረጉ፤ መታጠፉን ያዩ ሰዎች ደግሞ፣ ካልታጠፈ የሚሞትበት ቦታ ፈለጉለት።

ነጠላቸውን መልሰው ተከናነቡ። ከዚያ አንድ ጠርሙስ ውኃ ገዝተው፣ ከመድረኩ ጀርባ ጥላ ሥር ወደተቀመጡት ወደ አቶ ፋኑኤል ሄዱ። አቶ ተክለወልድም ንግግሩን ጨርሰው እዚያው ቆመው ነበር።

«ይጠጡ ልጄ። እንኳን ደስ ያለዎት።»

«አሜን» አሉ አቶ ፋኑኤል፣ በቀስታ።

«ለጨንቻው ሱፉ ይኼው ይሁን። ከፊት ሲቀመጡ በጣም ያምርብዎታል።»

አቶ ፋኑኤል ጠርሙሱን ከአፋቸው አወረዱ። «ከፊት?»

«ታዲያስ። ሕዝቡ አንዴ ከፊት አይቶዎታል። አሁን ወደ ኋላ ቢመለሱ፣ ፈርቶ ነው አይባልም?»

አቶ ፋኑኤል የጠርሙሱን ክዳን አጠበቁ።

«እርስዎ ካልተመቸዎት ግን» አሉ እማማ በርኅራኄ፣ «አቶ ተክለወልድ ከፊት ይቀመጡልዎት። ካሜራውስ ቢሆን ማንን እንደሚያይ ምን ቸገረው።»

አቶ ፋኑኤል ምክትላቸውን አዩ። አቶ ተክለወልድ የእብነ በረዱን ሰሌዳ እንደታቀፉ በትሕትና ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ትንሽ ፈጠነ። አቶ ፋኑኤል ቀጥሎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጨንቻ ተራራ ተመለከቱ። ተራራው እንደ ወትሮው ደመና ለብሶ ተቀምጧል። ራሳቸው ከፊት ቢቀመጡ ምን እንደሚሆኑ ሆዳቸው ነግሯቸዋል። ምክትላቸው ከፊት ቢቀመጡ ምን እንደሚሆኑ ደግሞ ማንም እንዲነግራቸው አላስፈለጋቸውም።

በሳምንቱ ውሳኔው በባጃጅ ላይ በተጫነ ሞንታርቦ በየሰፈሩ ተነገረ። እማማ ሻሺቱ በር ላይ ለእራት ሃላኮ፣ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለውን ቅጠል፣ እየቀነጠሱ ነበር፤ ዳግም አኩርፎ ማንጎው ሥር የመኪናው ኮፈን ላይ ተቀምጧል።

«አንቺ ነሽ አይደል ያስቀረሽው» አለ።

«እኔ ምን አደረግኩ? ሰው ውኃ ጠማው፣ ውኃ ሰጠሁ።»

«ጨንቻ ላይ እኮ አገር ያየኝ ነበር።»

«አገሩ ታች ሐይቅ ድረስ እየተከተለ ያይህ ነበር። ዝም በል፤ እንስማው።»

ባጃጁ ደጃፋቸው ላይ ፍጥነቱን ቀነሰ። የማዕዶት ድምፅ ግልጽ ነበር፦ «የድሪፍት መርሐ ግብሩ ሙሉ በሙሉ የተሳካ በመሆኑ መድገም አላስፈለገም። ግብረ ኃይሉ ተልዕኮውን በብቃት ስለተወጣ ወደ ቋሚ ግብረ ኃይልነት አድጓል። መኪናውን በተመለከተ፣ ለኅብረተሰቡ ደኅንነት ሲባል ከእንግዲህ ቀጥ ብሎ ብቻ እንዲሄድ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

እማማ ሻሺቱ ቅጠሉን ከጭናቸው ላይ አራገፉ።

«እሱንማ» አሉ፣ «እነሱ ሲሳፈሩበት ያለ ስብሰባ ይችልበት ነበር።»